በጌቲስበርግ መቃብር ላይ የተነገረው አጭር ቃልና የሰሚዎቹ ፍርድ

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከጁላይ 1 እስከ 3 ቀን 1863 በአሜሪካ በጌቲስበርግ ከተማ አጠገብ በተደረገው ጦርነት፥ ከሰሜንና ከደቡብ ወገን የሞተው፥ የቈሰለውና ደብዛው የጠፋው ወታደር 50 ሺሕ ያህል ነበረ። በኖቬምበር 19 ቀን የሰሜኖቹ መካነ መቃብር ሲመረቅ፥ በአንደበተ ርቱዕነቱ የታወቀው ኤድዋርድ ኤቨሬት ሁለት ሰዓት ያህል ተናገረ። ከርሱ በኋላ ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ተነሥቶ ከ270 እምብዛም የማይበልጡ ተራ ቃላት ተናግሮ ተቀመጠ።

ፍርዱ ወዲያው ተለያየ። በሐሪስበርግ የሚታተመው ጋዜጣ ንግግሩን የቂል ቃል ነው ብሎ እንዲረሳ ተመኘ። የማሳቹሴትሱ ስፕሪንግፊልድ ሪፐብሊካን አመሰገነው። ቺካጎ ታይምስ ግን ተቈጣ። ኤቨሬት ራሱ በማግስቱ ለሊንከን በጻፈው ደብዳቤ፥ የፕሬዚዳንቱ ሁለት ደቂቃ ከእርሱ ሁለት ሰዓት ይልቅ ወደ ነገሩ ፍሬ መቅረቡን መሰከረ።

በዚያ ዘመን ብዙዎቹ ጋዜጦች የፓርቲ ልሳን ስለ ነበሩ፥ ሪፐብሊካኑ ማመስገኑ፥ ዴሞክራቱም መንቀፉ አያስደንቅም። ነገር ግን የሐሪስበርጉና የቺካጎው ጋዜጣ ሁለቱም የዴሞክራት ወገን ሆነው ሳለ፥ ንቀትና ቍጣ አንድ አይደሉም። የፊተኛው ንግግሩን ከቁም ነገር አልቈጠረውም፤ የኋለኛው ግን መርምሮታል።

የቍጣው ምክንያት አንድ ቍጥር ነበረ። ሊንከን የአገሩን ልደት ሲያወሳ 87 ዓመት ወደ ኋላ ቈጠረ። ይኸውም ሕገ መንግሥቱ ወደ ተረቀቀበት ወደ 1787 ሳይሆን፥ ሰው ሁሉ እኩል ሆኖ ተፈጠረ የሚለው መግለጫ ወደ ወጣበት ወደ 1776 ያደርሳል። ሕገ መንግሥቱ ባሪያ የሚለውን ስም ሳይጠራ፥ የኰበለለው ለጌታው እንዲመለስ ያዝዝ ነበረ። ስለዚህ ቺካጎ ታይምስ፥ ወታደሮቹ የሞቱት ለሕገ መንግሥቱ ነው እንጂ ለእኩልነት አይደለም፤ ፕሬዚዳንቱ በመቃብራቸው ላይ ቆሞ የሞታቸውን ምክንያት ለወጠ ሲል ከሰሰው።

ይህ ክስ የባሪያን ሥርዐት ለማጽናት የሚረዳ ቢሆንም፥ የንግግሩን ኀይል በትክክል ያስረዳል። መልሱም በ1865 ባርነት በሕገ መንግሥት ማሻሻያ በተሻረ ጊዜ ተሰጠ። የሐሪስበርጉ ጋዜጣ ወራሽ በ2013 የቀድሞውን ፍርድ መሻሩን አስታወቀ። ቢሆንም የ1863ን ክርክር ለመረዳት የሚሻ ሰው፥ ከናቀው ጋዜጣ ይልቅ ከተቈጣው ብዙ ይማራል።