አዲስ መሬትና የቸኮለ እጅ

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ መሬት ለቸኮለ ሰው እንደማትታዘዝ የምጽፍልህ ከመጽሐፍ አግኝቼው ሳይሆን በገዛ ጥፋቴ ተምሬው ነው።

ከብዙ ዓመት በፊት በሎንዶን ከተማ ስኖር፣ አትክልት የምተክልበት ቍራሽ መሬት ከማዘጋጃ ቤት ተከራየሁ። ይህ ልማድ በእንግሊዝ አገር ረዥም ታሪክ አለው። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት ፓርላማው ባወጣቸው ሕጎች፣ መንደርተኛው በጋራ ከብት ያሰማራበት የነበረው መሬት እየታጠረ የባለርስቶች ሆነ። ድኃው መሬት ባጣ ጊዜ፣ ለቤተ ሰቡ ድንችና ጎመን የሚተክልበት ትንሽ ቦታ ይሰጠው የሚል አሳብ ተነሣ። በ1908 ዓ.ም. (በአውሮጳ አቈጣጠር) የወጣው ሕግም የየአካባቢው ምክር ቤት ለጠያቂዎች እንዲህ ያለውን መሬት እንዲያዘጋጅ ግዴታ ጣለበት። የተለመደው የአንዱ ስፋት 250 ካሬ ሜትር ያህል ነው።

የእኔ ድርሻ ሣር የዋጠው ጠፍ መሬት ነበር። እኔም በአንድ ቅዳሜ ሣሩን ከላይ አጭጄ፣ ሥሩን በአካፋ ቈራርጬ፣ ከአፈሩ ጋር ገለበጥሁት። በሳምንቱ ካሮትና ሰላጣ ዘራሁ። ጎረቤቴ የነበሩ አንድ ሽማግሌ «ሥሩን ለቅመኸዋል?» ቢሉኝ፣ በአፌ አመስግኜ በልቤ ናቅኋቸው። ከወር በኋላ ግን ያ እንደ አገራችን ሰርዶ ያለ ሣር ከየሥሩ ቍራጭ እየበቀለ ዘሬን ሁሉ አፈነው። አንዱን ጠላት በገዛ እጄ መቶ አድርጌው ነበር።

ሽማግሌው ግን አልሳቁብኝም፤ የልጅነታቸውን ታሪክ አጫወቱኝ። በ1939 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ እንግሊዝ አብዛኛውን ምግቧን ከውጭ በመርከብ ታስመጣ ነበር። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ባሕሩን ስላስፈሩት፣ መንግሥት ሕዝቡን «ለድል ቈፍሩ» እያለ ቀሰቀሰ። የመናፈሻ ሜዳዎች ተቈፈሩ፤ በጥንታዊው የሎንዶን ግንብ ዙሪያ ባለው ቦይ ውስጥ እንኳ አትክልት ተተከለ። ሕዝቡ የሚያለማቸው ቍራሽ መሬቶችም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆኑ።

ሽማግሌው ያን ጊዜ የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። አባታቸው ዘምተው ስለ ነበር እናታቸው ይቈፍራሉ፤ የእርሳቸው ሥራ ከኋላ እየተከተሉ የሣር ሥር በባልዲ መልቀም ነው። «እናቴ ባልዲውን ሳታይ እራት አትሰጠኝም ነበር» አሉኝ፤ «ዛሬ የተውሁት ሥር ነገ ምግባችንን እንደሚሻማን ታውቅ ነበርና።»

በመከር ወራት ሥራውን እንደገና ጀመርሁ። መሬቱን በገመድ ለካሁ፤ የአካፋ ጥልቀት ያለው ቦይ ቈፈርሁ፤ የቦዩን ወለል አላልቼ ፍግ ነሰነስሁበት። ከዚያ የሚቀጥለውን መስመር አፈር፣ ሥሩን በእጄ እየለቀምሁ፣ በላዩ መለስሁት። እንዲህ እያልሁ እስከ ዳር ደረስሁ። ጓሉን ሳልከሰክስ ተውሁት፤ የክረምቱ ውርጭ ራሱ አላመው። በጸደይ መጀመሪያ የተከልሁት ድንች ነበር፤ አፈሩን ደጋግሞ ማስታቀፍ መሬቱን ያለሰልሳል፣ ቅጠሉም አረሙን ይጋርዳልና። ሣሩ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ነገር ግን በእጅ የሚነቀል ሆነ። ከመጀመሪያው ድንች አንድ ቅርጫት ሞልቼ ለሽማግሌው ወሰድሁላቸው።

አባቶቻችን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ያሉት እውነት ነው። ወጣት ሆይ፤ አንተም ትምህርት ወይም ሥራ ስትጀምር፣ አላፊ አግዳሚ ከሚያየው ቡቃያ በፊት ማንም የማያየውን ሥር ልቀም። እኔም ዛሬ አዲስ ነገር በጀመርሁ ቍጥር የእኒያን እናት ጥያቄ ራሴን እጠይቃለሁ፦ ባልዲህ የት አለ?