ጸረ ኦክሲዳንት (በስትሮክ ሕክምና)

ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሲቋረጥ የሚፈጠሩ ነጻ ራዲካሎችን በማርከስ የነርቭ ሴሎችን ከጉዳት ለማዳን የታሰቡ ውህዶች ናቸው። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ቢሆንም ሰውነት ከሚጠቀምበት ኦክሲጅን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል፤ ቅባት የበዛበት በመሆኑም በቀላሉ ይጠቃል። ጉዳቱ ደም ሲቋረጥ ብቻ ሳይሆን ሲመለስም ይባባሳል፤ የተዘጋው ሥር ሲከፈት ኦክሲጅን በድንገት ስለሚገባ ነጻ ራዲካሎቹ ይበዛሉ።

ስመ ጥሩው ውህድ ኤዳራቮን ነው። ጃፓን በ2001 እ.ኤ.አ. ለስትሮክ ፈቅዳዋለች፤ አሜሪካ በ2017 የፈቀደችው ግን ኤኤልኤስ ለተባለው የነርቭ በሽታ ነው። ኤንኤክስዋይ-059 የተባለው ሌላ ውህድ ደግሞ በአይጥ ሠርቶ በ2006 በሰው ላይ በተደረገ ሙከራም ተስፋ ቢሰጥም፣ 3,300 ያህል ሕሙማን የተሳተፉበት ቀጣዩ ሙከራ በ2007 ከንቱ አደረገው። በአይጥ የሠራ ሁሉ በሰው እንደማይሠራ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

በኢትዮጵያ የጦስኝና የሽፈራው ቅጠል ጭማቂዎች ጸረ ኦክሲዳንትነት በላቦራቶሪ ታይቷል። ስትሮክን ያክማሉ ማለት ግን አይደለም፤ ወሬው ከማስረጃው ቀድሟል። ለምሳሌ አዲስ አበባ፣ ሸጎሌ ውስጥ አፉ በድንገት የተጣመመ ወይም አንድ እጁ የዛለ ሰው ቢኖር፣ ጦስኝ ከማፍላት ይልቅ እዚያው ጉለሌ ወዳለው ጳውሎስ ሆስፒታል ወይም ሌላ ቅርብ ሆስፒታል መሮጥ ይሻላል። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በተለምዶ የሚሰጠው ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ከዚያ በፊትም የደም መፍሰስ አለመኖሩ በሲቲ ስካን መረጋገጥ አለበት።