የቡና ቁርስና የክፉ ቀን ስንቅ

ባለፈው ወር፣ በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሦስት ትሪ አትክልት አበላሸሁ። በመጀመሪያው ትሪ ላይ የነበረው ቀይ ሥር ከሰል ሆነ። በሁለተኛው ላይ የነበረው ድንች ዳር ዳሩ አርሮ መሐል መሐሉ እንደ እርጥብ ቆዳ ተልፈስፍሶ ቀረ። ሦስተኛው ጎመን ነበር፤ ከሦስቱ የተሻለው እሱ ቢሆንም ጨው በዝቶበት የሚቀመስ አልሆነም። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ ከሱቅ የሚገዛውን የድንች ችፕስ ትቼ፣ ጥርስ ሲያርፍበት ኩርሽም የሚል፣ ዘይቱም ጨውም የተመጠነ የአትክልት ቁርስ ለቡና ማቅረብ። እኔ ማድ ቤት ከኦቨኑ ጋር ስታገል፣ አክስቴ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ከሳምንቱ የተረፈውን እንጀራ እየቆራረሱ በሰፌድ ላይ ለፀሐይ ያሰጡ ነበር። ሲመሻሽ የእሳቸው ድርቆሽ ጣት ሲነካው ቀሽ ብሎ ይሰበር ጀመር። የእኔ ሦስት ትሪ ወደ ቆሻሻ መጣያ ሄደ።

ያን ዕለት አንድ ነገር ሲከነክነኝ አመሸ። ያ ኩርሽም የሚለው ድምፅ፣ ልብ ብለን ካዳመጥነው፣ የውኃ አለመኖር ድምፅ ነው። ድንች ከአምስት እጁ አራቱ ገደማ ውኃ ነው፤ ጎመን ደግሞ ከአሥር እጁ ዘጠኙ ያህል። ውኃው ሲወጣ የሚቀረው ስስ ግድግዳ ነው ጥርስ ሥር የሚሰበረው። እንግዲያው የዚህ ቁርስ ታሪክ ውኃን ከምግብ የማስወጣት ታሪክ ነው ማለት ነው። ታዲያ ይህን ለማድረግ መጀመሪያ የተጨነቀው ማን ይሆን? ነገን የፈራ ሰው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለማመኔም ምክንያት አለኝ።

የድንች አገሩ የደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች ናቸው። በቲቲካካ ሐይቅ አካባቢ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,800 ሜትር ላይ፣ በክረምታቸው ሌሊቱ ውርጭ ቀኑ ፀሐይ ነው። የዚያ አገር ገበሬዎች ድንቹን ሜዳ ላይ አስጥተው ሌሊት በውርጭ ያስመቱታል፤ ቀን ሲለሰልስ በባዶ እግራቸው እየረገጡ ውኃውን ይጨምቁታል። ይህን ለቀናት ሲደጋግሙት ድንቹ እንደ ጠጠር ይደርቅና ቹኞ ይሆናል፤ ቹኞ ለዓመታት ሳይበላሽ ይቀመጣል። የኢንካ ነገሥታት ጎተራዎቻቸውን በእሱ ይሞሉ ነበር። ስፔኖች ግዛቱን ከያዙ በኋላም ይህንኑ ደረቅ ድንች ወደ ፖቶሲ የብር ማዕድን እያጋዙ፣ ከመሬት ሥር ለሚማቅቁት ሠራተኞች እየሸጡ የከበሩ ነጋዴዎች ነበሩ። የደረቀው አትክልት የአንዱ ዋስትና፣ የሌላው ትርፍ ሆነ።

እኛም ለዚህ ጥበብ እንግዳ አይደለንም። ቆሎውን፣ በሶውን፣ ዳቦ ቆሎውን፣ ድርቆሹን፣ ቋንጣውን በአንድ ላይ ያሰባሰበ አንድ ቃል አለን፤ ስንቅ። የጥንቱ ወታደር ወደ ዘመቻ ሲወጣ መንግሥት የሚሰፍርለት ቀለብ ስላልነበረ ከቤቱ የተሰነቀለትን ይዞ ይወጣ ነበር። ፊደልና ዜማ ፍለጋ ከአገር አገር የሚዞረውም ልጅ ስሙ ራሱ ከምግቡ የተቀዳ ነው፤ የቆሎ ተማሪ። ዛሬ ቆሎ በቡና ረከቦት አጠገብ በስፌት ተሞልቶ ሲቀርብ እንግዳ እየተጫወተ የሚቆረጥመው ማለፊያ ነገር ነው። ያን ጊዜ ግን አንድ እፍኝ ቆሎ የአንድ ቀን መንገድ ነበር።

ድንች ወደ አገራችን የገባበት ታሪክ ራሱን የቻለ ወግ ነው። ታሪክ ጸሐፊዎች ድንችን ለኢትዮጵያ ያስተዋወቀው ጌዎርግ ቪልሄልም ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፀዋት ተመራማሪ እንደሆነ፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1858 ገደማ እንደነበረ ይጽፋሉ። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1837 ዕፅ ሊለቅም መጥቶ በዚያው የቀረ ነው። የትግሬና የሰሜን ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ወደዱት፤ እንትጮን ሾሙት፤ አገር ቤት አግብቶ ወለደ። ውቤ እ.ኤ.አ. በ1855 ደረስጌ ላይ በካሳ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ በተባሉት፣ ድል ሲሆኑ የእሱም ሹመት አብሮ ወደቀ። ከሌሎች አውሮፓውያን ጋር በመቅደላ ታስሮ እ.ኤ.አ. በ1868 ተፈታ፤ ከዚያም በኋላ አገሩ ሳይገባ እ.ኤ.አ. በ1878 ዐድዋ ላይ አረፈ። በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች ውስጥ እሱ የለቀማቸው የኢትዮጵያ ዕፅዋት ደርቀው፣ በወረቀት ላይ ተጣብቀው ዛሬም አሉ። ከእነዚያ ሁሉ ይልቅ በእኛ ማድ ቤት የቀረው ግን ያመጣው ነው እንጂ የወሰደው አይደለም።

የኢትዮጵያ ገበሬ ድንችን ወዲያው አልተቀበለውም። ቀስ በቀስ ነው የተለመደው፤ ያፋጠነውም በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ የደረሰው ረኀብ እንደሆነ ስለ ሰብሉ የጻፉ ሊቃውንት ይናገራሉ። ያ ረኀብ እኛ ክፉ ቀን የምንለው፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየው ነው። በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው፤ በሬ ሲያልቅ ማረሻ ቆመ፤ ድርቁና አንበጣው ተከተሉ። ድንች ለምን በዚያን ጊዜ ተፈለገ ብሎ ለሚጠይቅ ግምቱ አይከብድም። ድንች በመቆፈሪያ ይተከላል፤ በሦስት በአራት ወር ይደርሳል፤ ገብሱና ስንዴው ገና በማሳ ላይ ሳለ፣ ጎተራው ባዶ በሆነበት በዚያ ክፉ ወቅት ከመሬት ይወጣል። (በደቡቡ የአገራችን ክፍል የወላይታ ድንች፣ የኦሮሞ ድንች እየተባለ የሚጠራ አገር በቀል የሥር ተክል መኖሩን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። ከመጤው ጋር ዝምድና ባይኖረውም በስም ይጋራሉ፤ እንግዳው በባለቤቱ ስም ተጠራ ለማለት ይዳዳኛል።)

ወደ ችፕሱ ልመለስ፤ የእሱ ታሪክ የጥጋብ ታሪክ ስለሆነ ብዙ አልቆይበትም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1853 ሳራቶጋ ስፕሪንግስ በምትባል ከተማ ጆርጅ ክረም የተባለ ወጥ ቤት፣ ድንቹ ወፍሯል ብሎ በመለሰበት እንግዳ ተናዶ እንደ ወረቀት ቀጥኖ በመክተፍ ችፕስን ፈጠረ ብለው ይተርካሉ። ተረቱ ያምራል፤ እውነት ግን አይደለም። ክረም በእውነት የነበረ፣ ጥቁርም ቀይ ሕንድም ደም ያለው ዝነኛ ወጥ ቤት ነው። ነገር ግን ዊልያም ኪችነር የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1817 ለንደን ላይ ባሳተመው የወጥ ቤት መጽሐፍ ውስጥ ድንችን ልጦ፣ በስሱ ከትፎ፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርቆ፣ ኩርሽም እስኪል ድረስ በስብ መጥበስን አስተምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926 ደግሞ ላውራ ስከደር የምትባል የካሊፎርኒያ ነጋዴ ሴት ሠራተኞቿን በሰም የተነከረ ወረቀት በካውያ እያስተኮሰች ከረጢት ታሠራ ጀመር።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ለእኔ የጠቀመኝ የኪችነር ጨርቅ ነው። ሦስቱን ትሪ ያበላሸሁት ውኃውን እሳት ብቻ እንዲያወጣልኝ ጠብቄ ነበርና። በሚቀጥለው እሑድ ድንቹን በቢላዋ የቻልኩትን ያህል አሳስቼ ከተፍኩና ግማሽ ሰዓት በቀዝቃዛ ውኃ ዘፈዘፍኩት፤ ነጭ ስታርቹ ወደ ሥር ሲወርድ አጥቤ በጨርቅ ደጋግሜ አደረቅሁት። መዘፍዘፉ ሌላም ጥቅም አለው። በ1994 ዓ.ም. የስዊድን ተመራማሪዎች ስታርች ያለበት ምግብ ከ120 ዲግሪ በላይ ሲጠበስ ወይም ሲጋገር አክሪላማይድ የተባለ፣ በእንስሳት ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል የታየ ነገር እንደሚፈጠርበት አስታወቁ። ውኃው ይህን ነገር የሚፈጥረውን ስኳር በከፊል ያጥበዋል። በዚሁ ምክንያት ጥሬ ድንች ማቀዝቀዣ ውስጥ አይቀመጥም፤ ብርዱ ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጠዋል። ሲጋገርም ወርቃማ ሲሆን ማውጣት እንጂ እስኪጠቁር መጠበቅ አይገባም። ቤት ውስጥ ስለተሠራ ብቻ ጤናማ ነው ማለት ራስን ማታለል ነው፤ የቆላነው ቡናና ቆሎም ቢሆን ከዚህ ነገር ፈጽሞ ነፃ አይደለም።

ቀይ ሥር ስኳሩ ብዙ ስለሆነ ቶሎ ያራል፤ እሳቱን ወደ 130 ዲግሪ ዝቅ አድርጌ ሰዓት ለሚሞላ ጊዜ ታገሥሁት። ጎመኑ፣ መገኛው የእኛው ደጋ እንደሆነ የሚታመነው የሐበሻ ጎመን፣ አንጓው ወጥቶ በእጅ ተቀደደ፤ አንድ ማንኪያ ዘይት በእጄ አሸት አሸት አድርጌበት በ150 ዲግሪ ሩብ ሰዓት በቃው። ጨው ከእሳት ከወጣ በኋላ ብቻ። ዋናው ምስጢር ግን ቅጠሉ በቅጠል ላይ አለመደራረቡ ነው፤ ከተደራረበ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ይቀቅለዋል። አክስቴ ድርቆሹን ሲያሰጡ አንዱን ቁራሽ ከሌላው የሚያርቁት ለዚህ መሆኑን ያኔ ገባኝ።

አክስቴ በ1977 ዓ.ም. ከወሎ ወጥተው አዲስ አበባ የገቡ ናቸው። ስለ መንገዱ አያወሩም፤ እኛም አንጠይቅም። የእንጀራ ቁራሽ ሲጣል ግን አይወዱም። ቡናው ሲፈላ ትሪውን አቀረብኩላቸው፤ ቀዩን፣ ቢጫውን፣ አረንጓዴውን። የጎመኑን ቅጠል አንስተው ቆረጠሙ፤ ኩርሽም አለ። ሌላ ደገሙ።

«ይጣፍጣል፤» አሉ። «ለመሆኑ ስንት ቀን ይቆያል ልጄ?»

«እስከ ነገ ማታ ቢቆይ ነው፣ እትዬ፤» አልኳቸው።

ጥቂት አሰቡና፣ አንድ ሦስተኛ ቅጠል አንስተው እየቆረጠሙ፣ የቆሎውን ስፌት ወደኔ ገፋ አደረጉት።