ፎሶሊያ ለውሻ

ፎሶሊያ በሳይንሳዊ ስሙ ፋሲዮሉስ ቩልጋሪስ የሚባለው የቦሎቄ ተክል ለጋ ፍሬ ሲሆን፣ ውስጡ ያለው ዘር ሳይጠነክር ከነቆባው ተለቅሞ ይበላል። ያለ ጨው፣ ያለ ዘይትና ያለ ሽንኩርት ተቀቅሎ በልክ ከተሰጠው ጤነኛ ጎልማሳ ውሻ ያለ ስጋት ሊመገበው ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የሚያደርሰው አትክልቱ ራሱ ሳይሆን አብሮት የሚበስለው ነገር፣ አለዚያም ልክን ማለፍ ነው።

የምግብ ይዘት

ከ100 ግራም ጥሬ ፎሶሊያ 90 ግራም ያህሉ ውኃ ነው። ቀሪው 7 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት (ከዚህ ውስጥ 3 ግራም ያህሉ አሰር ነው) እና ከ2 ግራም ያነሰ ፕሮቲን ይይዛል። ኃይሉ 31 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ብቻ ነው፤ ስቡም እጅግ ጥቂት ነው። ቪታሚን ሲ ቢኖረውም ውሻ ይህን ቪታሚን በጉበቱ ስለሚሠራ ከፎሶሊያ አይጠብቀውም። ለውሻ ዋናው ጥቅሙ ሆድ እየሞላ ካሎሪው አነስተኛ መሆኑ ነው።

ፎሶሊያና ውፍረት

በአሜሪካ በ48 ላብራዶር ውሾች ላይ ተካሂዶ በ2002 ውጤቱ የታተመ የረጅም ዘመን ጥናት፣ ለንጽጽር ከተጣመሩላቸው ውሾች 25 በመቶ ያነሰ ምግብ የተሰጣቸው ውሾች በመካከለኛ ስሌት 1.8 ዓመት ያህል ረዝመው መኖራቸውን አሳይቷል። ውሻን ከውፍረት መጠበቅ ዕድሜውን ማራዘም ነው፤ ፎሶሊያም በሥልጠና ጊዜ ከሚሰጥ ብስኩት ወይም የሥጋ ቁራጭ ይልቅ ቢመረጥ ያግዛል።

የእንስሳት ሐኪሞች ከመደበኛው ምግብ ውጪ የሚሰጥ ማንኛውም ጣፋጭ ወይም ማባበያ ከዕለቱ ካሎሪ 10 በመቶ እንዳያልፍ ይመክራሉ። በቀን 600 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ለሚያስፈልገው 10 ኪሎ ግራም የሚመዝን ውሻ ይህ 60 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። በስሌት ከ190 ግራም በላይ ፎሶሊያ ማለት ነው፤ ሆኖም ይህን ያህል አሰር በአንድ ጊዜ የገባበት ሆድ ይነፋል፣ ሰገራም ይቀጥናል። ስለዚህ በአንድ ሁለት ፍሬ ተጀምሮ፣ የውሻው ሰገራ እየታየ ቀስ በቀስ መጨመር ይሻላል።

የምግቡን ግማሽ በፎሶሊያ በመተካት ውሻ ማክሳት በሰፊው የሚታወቅ ዘዴ ቢሆንም ጉዳት አለው። መደበኛው ምግብ በግማሽ ሲቀነስ ካሎሪው ብቻ ሳይሆን ፕሮቲኑ፣ አስፈላጊው ስብና ማዕድኑም በግማሽ ይቀንሳል፤ ፎሶሊያም ይህን አይተካም። ውሻው ከስቡ ጋር ጡንቻውንም ያጣል። መክሳት ያለበት ውሻ በሐኪም ክትትል፣ ለዚሁ ተብሎ በተዘጋጀ ምግብ፣ በሳምንት ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ እየቀነሰ ቢሄድ ይመረጣል።

አዘገጃጀት

ፎሶሊያው ታጥቦ ሁለቱ ጫፎች ይቆረጣሉ፤ በጎኑ ክር ካለው ክሩ ይሳባል። ከዚያ 10 ደቂቃ ያህል በሚፈላ ውኃ ተቀቅሎ በጣት ሲጫኑት የሚፈርጥ ሲሆን ይወጣል። ከቀዘቀዘ በኋላ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ተደርጎ ይከተፋል፤ ሳያላምጡ የሚውጡ ውሾች ሙሉውን ቢሰጣቸው ሊያንቃቸው ይችላል። መቀቀሉ የቦሎቄ ዝርያዎች የሚይዙትን ሌክቲን የተባለ ንጥረ ነገር ያከሽፋል። ይህ ንጥረ ነገር በደረቀው ቦሎቄ፣ በተለይም በቀዩ፣ እጅግ ስለሚበዛ ጥሬ ቦሎቄ ለውሻ ፈጽሞ አይሰጥም። የቆርቆሮ ፎሶሊያ ደግሞ ጨው ስለሚበዛበት ጨው ያልተጨመረበት ካልተገኘ ቢቀር ይሻላል።

ከድስቱ የሚመጣው አደጋ

በኢትዮጵያ ቤቶች ፎሶሊያ በተለይ በጾም ወቅት ከካሮት ጋር በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዘይትና በጨው ይሠራል። የዚህን ወጥ ትራፊ ለግቢ ውሻ መስጠት የተለመደ ቢሆንም አደገኛ ነው። በሽንኩርት ዘሮች ውስጥ ያሉ የድኝ ውህዶች የውሻውን ቀይ የደም ሴሎች ይጎዳሉ፤ ሴሎቹም ፈርሰው ደም ማነስ ይከተላል። መብሰልም ሆነ መድረቅ ይህን ጠባያቸውን አያጠፋውም። ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የውሻ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት በደም ላይ ጉልህ ለውጥ ያመጣል። ለ5 ኪሎ ግራም ውሻ 75 ግራም ይበቃል ማለት ነው። ነጭ ሽንኩርት ከዚህም ይበረታል፤ በየቀኑ የሚሰጥ ጥቂት መጠንም ሊጠራቀም ይችላል።

ምልክቱ ወዲያው ላይታይ ይችላል። ከአንድ እስከ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ውሻው ይደክማል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። ከንፈሩ ገለጥ ተደርጎ ድዱ ሲታይ ሮዝ መሆኑ ቀርቶ ከነጣ ወይም ቢጫ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መወሰድ አለበት። ሽንኩርት መብላቱ ከታወቀ ደግሞ ምልክት መጠበቅ አያስፈልግም።

ጥንቃቄ የሚሹ ውሾች

ቡችሎች፣ እርጉዝና የሚያጠቡ ውሾች ብዙ ኃይል ስለሚፈልጉ ሆዳቸው በአሰር መሞላት የለበትም። የኩላሊት፣ የሽንት ጠጠር ወይም የአንጀት ሕመም ያለበት ውሻ ባለቤት አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። ለሌሎቹ ውሾች ግን ፎሶሊያ ርካሽና ደህና ምግብ ነው፤ በቤት ውስጥ ሲሠራ የውሻው ድርሻ ወጡ ከመጀመሩ በፊት ተለይቶ፣ ለብቻው በውኃ ብቻ ይቀቀልለት።