የሞተረኛው ፖሊስ ሄልሜት፦ ከሰልፍ ጌጥ እስከ ሕይወት መከላከያ

ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን እስከ አውቶቡስ ተራ ባለው የመርካቶ መንገድ ሸክም የተሸከመ ወዛደር፣ ጋሪ የሚገፋ ወጣት፣ ሚኒባስ ታክሲና የጭነት መኪና አንዱ ለሌላው መንገድ ሳይለቅ ይተላለፋል። በዚህ ግርግር ውስጥ የትራፊክ ፖሊስ ሞተር ብስክሌት ከእግረኛው ብዙም ፈጥኖ አይሄድም። ስለዚህ የሄልሜትን ማሰሪያ መቆለፍ፣ ጓንት ማጥለቅና በወፍራም ጃኬት መሞቅ ለአውራ ጎዳና እንጂ ለመርካቶ የማያስፈልግ ጣጣ መስሎ ቢታይ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ የራስ ቅል የሚሰበረው በሞተሩ ፍጥነት ብቻ አይደለም። በሞተር ላይ የተቀመጠ ሰው ጭንቅላት ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍ ይላል። ሞተሩ ቆሞ ሳለ እንኳ ሰውየው ተገንድሶ ቢወድቅ፣ ጭንቅላቱ አስፋልቱን የሚመታው በሰዓት ወደ 20 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ነው። ለአንጎል መናወጥ፣ አንዳንዴም ለራስ ቅል ስብራት ይህ በቂ ነው።

የሞተረኛ ፖሊስን የደንብ ልብስ በጤና ባለሙያ ዓይን ለተመለከተ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ከሚለብሰው ሁሉ የትኛው ለክብር፣ የትኛው ለጥበቃ ተፈጠረ? መልሱ በታሪክ ውስጥ የተደባለቀ ነው፤ መደባለቁም እስከ ዛሬ ዋጋ ያስከፍላል።

ሞተር ብስክሌት ወደ ፖሊስ ሥራ ከመግባቱ በፊት ሕግ አስከባሪው የሚጋልበው ፈረስ ነበር። የሞተረኛው አለባበስም በአብዛኛው ከፈረሰኛው የተወረሰ ነው። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የአሜሪካና የአውሮፓ ከተሞች ፖሊሶቻቸውን በሞተር ሲያሰማሩ፣ ከጭኑ ሰፊ ከባቱ ጠባብ የሆነውን የፈረሰኛ ሱሪና እስከ ጉልበት የሚደርሰውን የቆዳ መጠቅለያ እንዳለ ወሰዱት። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ሱሪ እንግዳ አይደለም፤ አባቶቻችን ተፈሪ ሱሪ ይሉት የነበረው ነው። የቆዳ መጠቅለያውም ገምባሌ ይባል ነበር፤ ቃሉ የመጣው እግር ማለት ከሆነው የጣሊያንኛ ቃል ነው። ገምባሌ ባትን ከኮርቻ ፍትጊያና ከእሾህ ለመከላከል የተሠራ ሲሆን፣ ሳይታሰብ ለሞተረኛም ጠቀመ። የሞተር ጭስ ማውጫ ቱቦ የሚያቃጥለው ያንኑ የባት ክፍል ነውና። በድንገተኛ ክፍል የሠራ ሁሉ በባት ላይ የሚታየውን ያንን ሞላላ የቃጠሎ ጠባሳ ያውቀዋል። ገምባሌ ከፋሽን ሲወጣ ይህን ጥበቃ የተካው ረጅሙ ቡትስ ጫማ ነው፤ አጭር ጫማ ግን አይተካውም።

በጭንቅላት ላይ የሚደረገው ነገር ታሪኩ ይለያል። በጥንታዊው የጦር ሜዳ ወጋችን ጀግናው በራሱ ላይ የሚያደርገው ከአንበሳ ጋማ የተሠራው ጎፈር ነበር። ጎፈር ማንነትን ይናገራል፣ ያስፈራል፣ ያስከብራል፤ ምት ግን አያስቀርም። ራስ ቁር የሚለው ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም የታወቀ ቢሆንም፣ በባላገሩ ተዋጊ ራስ ላይ ዕቃው ብዙም አልታየም። ዘመናዊው ፖሊስ ሲመጣም ጎፈሩን የተካው የብረት ቁር አልነበረም፤ ከነአርማው የሚደረገው ባለ ጥላ ኮፍያ ነው። ሥራው ግን ያው ነበር፤ ባለሥልጣኑን ከሩቅ ማሳወቅ።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባ ዋና ገበያ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ሲሆን፣ ጸጥታውን የሚጠብቁት የአራዳ ዘበኞች ይባሉ ነበር። ኢጣሊያ ከተማይቱን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በያዘችበት ጊዜ ነዋሪውን በዘር ለመለያየት በነደፈችው ፕላን መሠረት የሀገሬው ገበያ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ መርካቶ ኢንዲጄኖ ተባለ። ስሙ ግማሹን ጥሎ ግማሹን ይዞ ኖረ። የቅኝ ገዢው የኢጣሊያ አፍሪካ ፖሊስ የሞተረኛ ክፍሎችም ነበሩት። በዚያ ዘመን በሞተር የሚመጣ ባለ ደንብ ልብስ ለገበያተኛው የጥበቃ ሳይሆን የገዢነት ምልክት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 6 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ፖሊስ በአዲስ መልክ ተቋቋመ፤ የደንብ ልብሱም የአንድ ማዕከላዊ መንግሥት መታወቂያ ሆነ።

ሞተረኛው በሕዝብ ዓይን የገነነው ግን በእጀባ ነው። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ሲመሠረት የ30 ያህል ሀገራት መሪዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደ ከተማዋ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ከመኪናዎች ፊት በረድፍ የሚሄዱት ሞተረኞች የአዲስ አበባ ትዕይንት አካል ሆኑ፤ በየዓመቱ በአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሰሞን ዛሬም ይታያሉ። በ1957 ዓ.ም. ንግሥት ኤልሳቤጥ ሀገራችንን ሲጎበኙ የክብር ዘበኛ ፈረሰኞች ጎፈር አድርገው ሲያጅቡ፣ አሮጌውና አዲሱ የእጀባ ወግ በአንድ ከተማ ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን ሄልሜት እንደ ጓንቱና እንደ ተወለወለው ጫማ የሰልፉ ጌጥ ነው። አስቸጋሪውም ይኸው ነው፤ ለሰልፍ የሚደረግ ጌጥ ሰልፉ ሲያበቃ ይወልቃልና።

ሄልሜትን ከጌጥነት አውጥቶ የሕክምና ጉዳይ ያደረገው በአብዛኛው የሐኪሞች ሥራ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኤሪክ ጋርድነር በብሩክላንድስ የመኪናና የሞተር ውድድር ሜዳ ሲያገለግል፣ ራሳቸውን የተመቱ ሞተረኞች ደጋግመው እንደሚመጡለት ልብ አለ። ከሸራ ጨርቅና ከሙጫ ጠንካራ ቆብ አሠርቶ ለውድድሩ አዘጋጆች አቀረበ። ቆቡ መጀመሪያ ተቀባይነት አጥቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1914 ግን በማን ደሴት የሞተር ውድድር ላይ ግዴታ ሆነ። ጋርድነር ቆይቶ እንደተረከው፣ የደሴቲቱ ሐኪም በየዓመቱ ያገኛቸው የነበሩትን «ማራኪ» የአንጎል መናወጥ ሕሙማን በዚያ ዓመት እንዳጣቸው ጽፎለታል። እንዲህ ያለ ቅሬታ ከሐኪም በቀር ማን ያቀርባል!

ሁለተኛው ታሪክ ያሳዝናል። የዐረብ ሎሬንስ በመባል የሚታወቀው ቶማስ ኤድዋርድ ሎሬንስ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1935 በሞተሩ ሲጓዝ ብስክሌት የሚነዱ ሁለት ልጆችን ላለመግጨት ሲል ወደቀ። ሄልሜት አላደረገም ነበር። ለስድስት ቀናት ራሱን ስቶ ቆይቶ ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ በአውስትራሊያ የተወለደው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሂው ኬርንስ ነበር። ኬርንስ ሕመምተኛውን ቀብሮ ዝም አላለም፤ መቁጠር ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1941 በብሪታንያ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ባሳተመው ጽሑፍ፣ ጦርነቱ በተጀመረ በ21 ወራት ውስጥ 2,279 ሞተረኞችና አብረዋቸው የተፈናጠጡ ሰዎች በሀገሪቱ መንገዶች እንደሞቱ አመለከተ። በአንጻሩ ሄልሜት አድርገው ራሳቸውን የተጎዱ ያገኘው ሰባት ሰዎችን ብቻ ሲሆን፣ ከሰባቱ የሞተ አልነበረም። ሰባት ሕሙማን ትንሽ ቁጥር ነው፤ ዛሬ ቢሆን የመጽሔት ገምጋሚዎች ብዙ ጥያቄ ያነሱበት ነበር። የብሪታንያ ጦር ግን በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ በሥራ ላሉ ሞተረኞቹ ሄልሜትን ግዴታ አደረገ፤ ኬርንስም እ.ኤ.አ. በ1946 የሟቾቹ ቁጥር መቀነሱን ዘገበ። ለሲቪሉ ሕዝብ ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1973፣ ኬርንስ ከሞተ ከ21 ዓመት በኋላ ነው። ደንብ ልብስ የለበሰው ከሲቪሉ በፊት የተጠበቀው ሕይወቱ ከሌላው በልጦ አልነበረም፤ ትእዛዝ ስለሚደርሰው ነው። ይህ ነጥብ ለፖሊስም ይሠራል።

ለሰልፍ የተሠራ ቆብና እውነተኛ ሄልሜት ከውጭ ሲታዩ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ልዩነቱ ከውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኙት ሮትና ሎምባርድ ከጠንካራው ቅርፊት በታች የሚጨፈለቅ ፎም እንዲገባ አደረጉ። በአዲስ ቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የምናገኘው ዓይነት ነጭ ፎም ማለት ነው። ቅርፊቱ ምቱን በሰፊ ቦታ ያሰራጨዋል፤ ፎሙ እየተጨፈለቀ ጭንቅላቱ የሚቆምበትን ጊዜ በጥቂት ሺኛ ሰከንዶች ያራዝማል። አንጎልን የሚያተርፉት እነዚያ ጥቂት ሺኛ ሰከንዶች ናቸው። ነገር ግን ፎሙ አንዴ ከተጨፈለቀ አይመለስም። አንድ ጊዜ በጽኑ የተመታ ሄልሜት ቀለሙ ባይላጥም ሥራውን ጨርሷል።

ይህ እውነታ ወደ መርካቶ ይመልሰናል። መርካቶ ምንም ነገር የማይጣልበት ገበያ ነው። በምናለሽ ተራ ቆርቆሮው፣ ጠርሙሱና አሮጌው ብረት ሁሉ ዳግም ሕይወት ያገኛል፤ ለከተማዋም ትልቅ ውለታ ነው። ሄልሜት ግን ከዚህ ጥበብ ውጭ መሆን ያለበት ዕቃ ነው። ታጥቦና ተወልውሎ የቀረበን ያገለገለ ሄልሜት ገዢው በዓይኑ አይቶ ሊመረምረው አይችልም። የግንባታ ሠራተኛ ቆብም እንዲሁ ከላይ ለሚወድቅ ዕቃ እንጂ ከጎን ለሚመጣ ምት አልተሠራም፤ አገጭ ላይም አይጸናም። በመሥሪያ ቤት ንብረትነት የሚመዘገብ ሄልሜት ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት፤ ቆጠራው የሚጠይቀው መኖሩን እንጂ ደኅና መሆኑን አይደለም። በፈረቃ ለተለያዩ ራሶች የሚዳረስ ሄልሜት ለአንዱ ይጠብቃል፣ ለሌላው ይሰፋል፤ የራስ ቆዳ ፈንገስና ቅማልም ሊያጋባ ይችላል። አንዳንዱ ሄልሜቱን በመሪው ላይ የሚያንጠለጥለው በቸልተኝነት ብቻ ሳይሆን የሌላ ሰው ላብ ስለጠላ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ፍትሐዊ ነው።

ከ60 በላይ ጥናቶችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የኮክሬን ግምገማ ሄልሜት የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ደምድሟል። አንገት ይሰብራል የሚለው የቆየ ሥጋት ማስረጃ አልተገኘለትም። ከወግ ጋር የተያያዘ አንድ አስገራሚ ግኝትም አለ። በብዙ ሀገር የእጀባ ሞተረኛ ሄልሜት ነጭ የሆነው ለክብር ነው፤ እኛም የትራፊክ ፖሊስን የምናስታውሰው ከነጭ ኮፍያው ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በኒውዚላንድ የኦክላንድ ከተማ የተደረገ ጥናት ነጭ ሄልሜት ያደረጉ ሞተረኞች ጥቁር ካደረጉት ይልቅ ጉዳት የሚያስከትል አደጋ የሚደርስባቸው በ24 በመቶ ባነሰ መጠን መሆኑን አሳየ፤ አንጸባራቂ ልብስ ለለበሱት ቅናሹ 37 በመቶ ነበር። ለጌጥ የተመረጠ ቀለም ሳይታወቅ ጠባቂ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። የቀረው የደንብ ልብስ ግን ይህ ዕድል አልገጠመውም። በአውስትራሊያ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ለሞተር የተሠራ ጃኬት፣ ሱሪና ጓንት ለብሰው የወደቁ ሰዎች ሆስፒታል የመተኛት ዕድላቸው ያነሰ መሆኑን ሲያረጋግጥ፣ ከፍተኛው ቅናሽ የታየው በጓንት ነበር። የወደቀ ሰው መጀመሪያ የሚዘረጋው እጁን ነውና። ለሰላምታ የሚጠለቀው ስስ የጥጥ ጓንት ግን አስፋልት ላይ ቅጽበት አይቆይም፤ ስስ ሸሚዝም እንዲሁ። ከዚሁ ጥናት ሌላም ትምህርት ይገኛል፤ ለሞተር ተብለው ከተሸጡት ጃኬቶች እንኳ ሩብ የሚበልጡት በአደጋው ተቀደዋል።

በሀገራችን በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ሞተረኛ ሄልሜት እንዲያደርግ አዝዞ ነበር። እንዲህ ያለውን ደንብ የሚያስከብረውም ራሱ ሞተረኛ የሆነው ፖሊስ ነው፤ ማሰሪያው ያልተቆለፈ ፖሊስ ማሰሪያ አልቆለፍክም ብሎ ሲቀጣ ሕዝቡ ከቅጣቱ ይልቅ ማሰሪያውን ያያል። ሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር ከዝርፊያ ጋር በተያያዘ ምክንያት ሞተር ብስክሌቶችን ከጥቂት ፈቃድ ካላቸው በቀር ሲያግድ፣ ፖሊሱ በመንገዱ ላይ ብቻውን የቀረ ሊመስል ደርሶ ነበር። ኋላ በምዝገባና በፈቃድ ዕቃ አድራሾቹ ተመልሰዋል፤ ድንገተኛ ክፍሎችም አብረው ይቀበሏቸዋል።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና በኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተጀመረው በ1998 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የሠለጠኑት ሐኪሞች ብዙ ሕይወት አትርፈዋል። ሕመምተኛው እነርሱ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ግን የሚያገኘው ነርስ፣ የጤና መኮንን ወይም ጠቅላላ ሐኪም ነው። የዚህ ሰው የመጀመሪያ ሥራ ሄልሜቱን ማውለቅ ከሆነ ብቻውን አያወልቀው። አንዱ ከታች አገጭንና አንገትን ደግፎ ሲይዝ፣ ሌላው ማሰሪያውን ቆርጦ ሄልሜቱን ከጎንና ከጎን እየለጠጠ ቀስ ብሎ ይሳባል። በካርዱ ላይም «የሞተር አደጋ» ከሚለው ቀጥሎ ሄልሜት ማድረግ አለማድረጉ፣ ማሰሪያው ተቆልፎ እንደነበረና እንዳልነበረ ይጻፍ፤ ኬርንስ የቆጠረው ከዚህ የተለየ ነገር አልነበረም። የወለቀውንም ሄልሜት ለፖሊስ ወይም ለቤተሰብ ከማስረከብ በፊት አዙሮ ማየት ያሻል። ከጆሮ በላይ ባለው ጎኑ ላይ ስንጥቅ ወይም የጠለቀ ጭረት ከተገኘ፣ ሕመምተኛው ቁጭ ብሎ ስሙን እየተናገረም ቢሆን በዚያው ወገን ያለው የራስ ቅል አጥንት ስስ መሆኑንና ከሥሩ ደም ቅዳ ማለፉን አስታውሶ፣ ንቃቱንና የዓይኑን ብሌን በየጊዜው እየለኩ ሌሊቱን ማቆየት ይገባል።