ድልድሉ መቼ ነው?

በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000 ዓ.ም. ግድም በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ኮሪደር ያለፈ ሰው፣ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነበር፤ «ድልድሉ መቼ ነው?» የዛሬ ወጣት አንባቢ ይህ ጥያቄ ምን ያህል እንቅልፍ እንደነሳ ላያውቅ ይችላል። ቢፒአር፣ በአማርኛው «መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ»፣ በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ ታሪክ ውስጥ የራሱ ምዕራፍ ሊሰጠው የሚገባ ዘመን ነው። ስለ ውጤታማነቱ ብዙ ሪፖርት ተጽፏል። ከሥራ እቀነሳለሁ የሚለው ሥጋት በሰው ላይ ምን እንደሠራ ግን የጻፈው ጥቂት ነው። እኔ በዚያን ጊዜ ስሙን ከማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ነበርና ጉዳዩን ከውጭም ከውስጥም አየሁት።

ሐሳቡ የአሜሪካ ነው። የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም መምህር የነበረው ማይክል ሐመር እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ያረጀ አሠራርን በኮምፒውተር ከማፋጠን ይልቅ ከነሥሩ ነቅሎ መጣል ይሻላል ሲል ተከራከረ። ዋና ምሳሌው የፎርድ ኩባንያ ነበር። ፎርድ በሰሜን አሜሪካ የአቅራቢዎችን ሒሳብ ለመክፈል ብቻ ከ500 በላይ ሰዎች ቀጥሮ ሳለ፣ የጃፓኑ ማዝዳ ይህንኑ በ5 ሰዎች ይሠራ ነበር። ፎርድ አሠራሩን ለውጦ የክፍሉን ሠራተኛ ቁጥር በሦስት አራተኛ ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ1993 ሐመር ከጄምስ ቻምፒ ጋር መጽሐፍ አወጣ፤ መጽሐፉም እንደ ትኩስ ዳቦ ተሸጠ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ግን በዚያው በአሜሪካ ቃሉ የሠራተኛ ቅነሳ ሌላ ስም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1996 ሐመር ራሱ፣ የምሕንድስና አስተሳሰቡ ለሰው ልጅ ጉዳይ በቂ ቦታ እንዳልሰጠ በአደባባይ አመነ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሐሳቡ በእኛ መሥሪያ ቤቶች የተስፋፋው ባለቤቱ ይህን ካመነ ከዓመታት በኋላ ነው።

በአገራችን የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያው የተነደፈው በ1980ዎቹ መጨረሻ ቢሆንም፣ ቢፒአር የተገፋው የአቅም ግንባታ ሚኒስቴር በ1994 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ነው። ለእውነት ለመመስከር ያህል፣ ለውጡ ጥቅም አልነበረውም የሚል ሰው ያበዛል። የንግድ ፈቃድ ለማውጣት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይንከራተት የነበረ ባለጉዳይ በአንድ መስኮት ጉዳዩን መጨረስ የጀመረበት ጊዜ ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ላይ ነበር።

የጥናት ቡድኑ በአዳራሽ ተዘግቶ «ነባሩን ሁኔታ» ያጠናል፤ ከዚያ «አዲሱን አሠራር» ይዞ ይወጣል። አዲሱ መዋቅር ሲጸድቅ የቀድሞው የሥራ መደብ ይሰረዛል። ሃያ ዓመት ያገለገለው ሰው እንደ አዲስ አመልካች ፎርም ሞልቶ፣ ትናንት ሲሠራው ለዋለው ሥራ ዛሬ ይወዳደራል። በጥናቱና በድልድሉ መካከል ወራት፣ አንዳንድ ቦታም ከዓመት በላይ ያልፋል። የኔ ክርክር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ከቅነሳው ይልቅ የበረታው ያ የመጠበቂያ ጊዜ ነበር። ቅነሳው የሚነካው የተወሰነ ሰው ነው፤ ሥጋቱ ግን ዘበኛውንም ኃላፊውንም አዳረሰ።

ታዲያ ሠራተኛው ሥጋቱን በምን ተቋቋመው? ፊተኛው መላ ትምህርት ነበር። አዲሶቹ መደቦች ዲፕሎማና ዲግሪ ይጠይቁ ስለነበር፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በኋላ የግል ኮሌጆች ደጃፍ ሽበት ባላቸው ተማሪዎች ተሞላ። በኛ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ የነበሩ አዛውንት፣ የትኛው ፋይል በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያወጡ፣ ከልጃቸው ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ማጥናት ጀመሩ። አቅም ወይም ጊዜ ያጠረው ደግሞ በርቀት ተመዘገበ። ይህም ቢሆን ዋስትና አልነበረም፤ በ2002 ዓ.ም. ክረምት መንግሥት የርቀት ትምህርትን ለማገድ ሲወስን፣ በዚያ መንገድ ሥራቸውን ሊያተርፉ የተመዘገቡ ሰዎች ድንጋጤ ዛሬም ትዝ ይለኛል።

ሁለተኛው መላ ፓርቲ ነበር። ከ1997ቱ ምርጫ በፊት ከአንድ ሚሊዮን በታች የነበረው የኢሕአዴግ አባል ቁጥር በ2000 ዓ.ም. ከ4 ሚሊዮን ማለፉ በወቅቱ ተነግሯል። ይህን ሁሉ ሰው ርዕዮተ ዓለም ሳበው ብሎ የሚያምን ካለ እሰየው ነው። በበኩሌ፣ በድልድሉ ዋዜማ የአባልነት ፎርም የሞሉ ባልደረቦቼን በከዳተኝነት አላየኋቸውም። የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ያለበት ሰው በሚያገኘው ገመድ ይንጠለጠላል። ያልሞሉት ደግሞ ዝምታን መረጡ። በስብሰባ ላይ እጅ ማውጣት ቀረ፤ የሥራ ግምገማ ሲሆን ሁሉም «ጥሩ ነው» ይላል። አሠራርን ለማሻሻል የመጣ ለውጥ፣ አሠራሩ የቱ ላይ እንደተበላሸ የሚያውቁትን ሰዎች አፍ ዘጋ።

ሦስተኛውን መላ አባቶቻችን ቀድመው ያውቁታል፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል»። ብዙ ጊዜ ይህ አባባል የስግብግብነት መፈክር ተደርጎ ይጠቀሳል። እኔ ግን እንደ ታሪክ ሰነድ አነበዋለሁ። ሹመቱ በአንድ ሰው ፈቃድ የሚሰጥ፣ ሽረቱም ያለ ምክንያት የሚመጣ በሆነበት አገር፣ ሹሙ ዕድሜው አጭር መሆኑን አውቆ ለክፉ ቀን ይሰበስባል፤ የተሻረውም ደጅ ይጠናል። ደጅ ጥናት በአገራችን ለዘመናት ሥራ አጥነትን መቋቋሚያ ሥርዓት ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። የሥራ ዋስትና ያጣ ሠራተኛ ይተጋል የሚለው ስሌት ይህንን ሁሉ ታሪክ የዘነጋ ነው።

ለማነጻጸር ያህል፣ በዚያው ዘመን የፋብሪካውን ሠራተኛ ሁኔታ እንመልከት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ቅነሳን አልከለከለም፤ ተራ ግን አበጀለት። አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር መመካከር አለበት፤ የሥራ ችሎታና የላቀ ምርታማነት ያላቸው ይቆያሉ፤ በዚህ እኩል ከሆኑ ደግሞ በሥራ ላይ እያለ የተጎዳ፣ የሠራተኞች ተወካይ የሆነ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሠራተኛ ከሚቀነሱት የመጨረሻዎቹ ናቸው። የተቀነሰው ሰው ከሥራ ስንብት ክፍያው ሌላ የአማካይ የቀን ደመወዙን 60 እጥፍ ያገኛል። በወረቀት ያለው ሁሉ በተግባር ይገኛል አልልም። ነገር ግን የፋብሪካው ሠራተኛ «ዝርዝሩ በምን መመዘኛ ወጣ?» ብሎ በማኅበሩ በኩል መጠየቅ ይችል ነበር።

የመንግሥት ሠራተኛውስ? አዋጅ ቁጥር 515/1999 መደቡ የተሰረዘበት ሠራተኛ ከተቻለ ወደ ሌላ መደብ እንዲዛወር ይላል፤ ቅሬታ ሰሚም አለው። የሌለው ማኅበር ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 የመንግሥት ሠራተኞችም የመደራጀት መብት እንዳላቸው፣ የትኞቹ እንደሆኑም በሕግ እንደሚወሰን ይደነግጋል፤ ቢፒአር መጥቶ እስኪያልፍ ድረስ ግን ያ ሕግ አልወጣም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ፈራ፣ ለብቻውም መላ ፈለገ። በ1955 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በየካቲት መጨረሻ 1966 አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ሲጠራ፣ በሳምንታት ውስጥ የማኅበር መብት ያልነበራቸው የመንግሥት ሠራተኞች ጭምር ተከትለው ወጥተው ነበር። ከዚያ ትውልድ ብዙዎቹ በ2000 ዓ.ም. ጡረታ ደጃፍ ላይ ነበሩ፤ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ድልድሉን ይጠብቃሉ።

በኛ መሥሪያ ቤት ድልድሉ በመጨረሻ ሲወጣ፣ በእርግጥ ከሥራ የወጡት ከተፈራው እጅግ ያነሱ ነበሩ። አዛውንቱ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ከማያውቁት ክፍል ተመደቡ፤ ዲፕሎማቸውን ሳይጨርሱ በጡረታ ተሰናበቱ። እኛም አንድ የቆየ ውል ፈልገን ሦስት ሳምንት ሙሉ አጣነው።

በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞቹን ፈትኖ ብዙዎቹ የማለፊያ ነጥብ አላገኙም ሲል፣ በአንድ የከተማው መሥሪያ ቤት የምትሠራ ዘመዴ ደወለችልኝ። ስለ መመዘኛው ወይም ስለ ቅሬታ ሰሚው ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅሁ። «እዚያ የምታውቀው ሰው አለህ?» አለችኝ።