ጤና አዳም፤ ጤና ወይስ ሽታ?

በደብረ ታቦርና በአካባቢው ደጋ በየጓሮው የሚተከለው ባለ ቢጫ አበባ ጤና አዳም፥ ቅጠሉ በቡና ሲኒ ይነከራል፥ ለሆድ ቁርጠትም ይጠጣል፤ ፍሬው በርበሬ ሲደለዝ ይገባል። ስለ መድኃኒትነቱ ስሙን «የአዳም ጤንነት» ብለው የሚፈቱት ብዙዎች ናቸው። የቃሉ ታሪክ ግን ሌላ መንገድ ያመለክታል።

ትግርኛ ተክሉን «ጨና አዳም» ይለዋል። በዚሁ ቋንቋ ጨና ሽታ ነው፤ ጤንነት ግን ጥዕና ይባላል። ግእዝም ሽታን «ጼና»፥ ጤንነትን «ጥዒና» ብሎ ይለያል። ጸጉር ጠጉር፥ ጾም ጦም እንደ ተባለ ሁሉ፥ ጼና በአማርኛ ጤና ቢሆን የተለመደ ነው፤ ጥዒናም ተሰብስቦ እዚያው ላይ ደረሰ። ሁለቱ ቃላት በአንድ ድምፅ ሲገናኙ መድኃኒትነቱ ለጤንነት አደላ። ቅጠሉን አሽቶ ሽታው ከእጁ አልለቅ ያለው ሰው ግን በጼና አይደነቅም። አሰካኩም ግእዛዊ ነው፤ በአማርኛ ወግ «የአዳም ጤና» በተባለ ነበር። ሊኔዎስ በ1767 እ.ኤ.አ. ሩታ ካሌፔንሲስ ብሎ የሰየመው በሐለብ ከተማ ስም ነው፤ አዳም እዚያ የለም።

መዝገበ ቃላት ሁለቱን ጤናዎች በየራሳቸው ሥር ሊያሰፍር ይገባል። ነገሩ የቃል ብቻ አይደለም፤ ተክሉ ሲበዛ ማሕፀን ያኮማትራልና፥ የሕክምና ጽሑፍ የሚተረጉም ሰው ስሙን አምኖ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያ እንዳያላላ ያስፈልጋል።